ከኮሌጅ የሚመጣው ደብዳቤ፦ ልጄን ፈልገዋት ነው ወይስ ለሁሉም የሚልኩት ነው?

የሁለት ልጆች እናት (እሁድ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል። የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው።

ትልቋ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ገብታለች። አምና ኦክቶበር ላይ እዚህ አሜሪካ ለኮሌጅ መግቢያው ፈተና (ለኤስኤቲ) መለማመጃ የሆነውን ፒኤስኤቲ ተፈተነች። ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ጉድ የሚያሰኝ ግን አይደለም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን በፖስታ ተጥለቀለቀ። ኢሜይሉንማ ተዉት፣ በቀን ሃያ ይደርሳታል። በቅርቡ ደግሞ ስሙን ሰው ሁሉ ከሚያውቀው አንድ ዩኒቨርሲቲ ወፍራም ፖስታ መጣ። «የምንፈልገው እንዳንቺ ያለ ተማሪ ነው» ይላል። ከታች ዲኑ በሰማያዊ ቀለም ፈርሞበታል።

ልጅቷ ብዙም አልተናገረች። አባቷ ግን ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። ለወንድሞቹ በሙሉ ደውሎ ነገራቸው። አሁን እነሱ በተራቸው እየደወሉ «ገባች ወይ?» ይሉኛል። ኧረ ገና አላመለከተችም!

ሌላም አለ። ሰምተነው ከማናውቀው ኮሌጅ «ላንቺ ብቻ የተዘጋጀ ማመልከቻ፣ ክፍያ የለውም፣ ድርሰት የለውም፣ አርብ ይዘጋል» የሚል ኢሜይል መጥቷል። ይሄስ ምን ማለት ነው?

አንድ ነገር ግን ጠርጥሬያለሁ። ለወላጅ ተብሎ በመጣው ደብዳቤ ላይ እኔን በባለቤቴ ስም «ሚስስ እገሌ» ብሎ ነው የጠራኝ። የሚያውቀን ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም።

ዘገየሁ

እህቴ፣ ምን ያስቃል፤ ሁላችንም ያለፍንበት ነው።

ታናሽ እህቴ ፒኤስኤቲ ስትፈተን ስሟን ስትሞላ አንዲት ፊደል ደገመች። ትምህርት ቤት፣ ፓስፖርት፣ ባንክ፣ ሌላ ቦታ ሁሉ ስሟ ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው ፈተናው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡላትን ደብዳቤዎች አንድ ቀን ቁጭ ብለን ቆጠርን። 63ቱ ላይ ያችው ፊደል ተደግማለች። የሃይማኖት ኮሌጅ በለው፣ የኢንጂነሪንግ በለው፣ ምሥራቅ ያለው፣ ምዕራብ ያለው፣ ሁሉም «ውድ» ብለው ያንኑ ስህተት ጽፈዋል።

ያኔ ገባን። ሁሉም የሚቀዱት ከአንድ ጉድጓድ ነው።

ከመስኮቱ ወዲያ

ዘገየሁ ያለው ልክ ነው። እኔ ተማሪ እያለሁ ሦስት ዓመት አድሚሽን ቢሮ (ኮሌጁ ተማሪ የሚቀበልበት ክፍል) ውስጥ በሰዓት እየተከፈለኝ ሠርቻለሁ። ግቢ አስጎበኝ ነበር፣ ስልክ አነሣ ነበር፣ ፖስታ አሽግ ነበር። የምጽፍልዎት ከዚያው ያየሁትን ነው።

ጉድጓዱ ኮሌጅ ቦርድ ይባላል። ፒኤስኤቲንም ኤስኤቲንም የሚያወጣው እሱ ነው። ልጅ እዚያ ሲመዘገብ «ኮሌጆች እንዲያገኙህ ትፈልጋለህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣለታል። አዎ ካለ ስሙና አድራሻው፣ ሊያጠና የሚፈልገው የትምህርት ዓይነት፣ ውጤቱ የወደቀበት መደብ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ኮሌጆች ያንን ዝርዝር በገንዘብ ይወስዱታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአንድ ልጅ ስም ዋጋ 47 ሳንቲም ነበር።

አዎ፣ ሳንቲም ነው ያልኩት።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ቢሮው «ውጤታቸው ከዚህ እስከዚህ የሆነ፣ ባዮሎጂ የሚፈልጉ፣ እነዚህ ዚፕ ኮዶች ውስጥ የሚኖሩ» ብሎ ያዛል። ስሞቹ ይመጣሉ። ደብዳቤው አስቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ማሽኑ ስሙን ክፍት ቦታው ላይ ይሰካል። በባለቤትዎ ስም የጠራዎትም ማሽኑ ነው፤ የልጅቷን የመጨረሻ ስም አይቶ እናትየዋም በዚያው ትጠራለች ብሎ ነው። ዲኑ የልጅዎን ውጤት አላየም። ልጅዎ መኖሯንም አያውቅም።

ስለ ፊርማው ካልተዋጠልዎት ጣትዎን በውሃ አርጥበው አሸት ያድርጉት። ቀለሙ ንቅንቅ ካላለ ማሽን ያተመው ሳይሆን አይቀርም።

በነገራችን ላይ የስም ሽያጩ ራሱ ጭቅጭቅ ያለበት ነገር ነው። ኒው ዮርክ ላይ በትምህርት ሰዓት ከተሰጡ ፈተናዎች የተሰበሰበ የተማሪዎች መረጃ ለዚህ ዓይነት ሥራ ዋለ ተብሎ፣ ኮሌጅ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2024 750,000 ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል።

የሁለት ልጆች እናት

47 ሳንቲም! ከቴምብሩ ያነሰ ነው እኮ። አሁን ይሄን ለአባቷ በምን አፌ ልንገረው?

ግን አንድ ጥያቄ። እሺ ትንንሾቹ ኮሌጆች ተማሪ ይፈልጉ ይሆናል። ያ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ምን ጎድሎት ነው ለልጄ የሚጽፈው?

ክርክር ወዳድ

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ በከፊል ፍርድ ቤት ላይ ወጥቷል።

ሃርቫርድ ላይ የቀረበው የቅበላ ክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ቦስተን ላይ ሲሰማ ዩኒቨርሲቲው እነዚህን ደብዳቤዎች ለማን እንደሚልክ በዝርዝር ተነገረ። የፒኤስኤቲ ውጤት ወለል ነበረው። ወለሉ ደግሞ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ለጥቁርና ለሂስፓኒክ ተማሪዎች ከ1100 ይጀምር ነበር። ለእስያ አሜሪካውያን ግን ለሴቶች 1350፣ ለወንዶች 1380 ነበር። (ጉዳዩ በይግባኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. ጁን 2023 በቅበላ ላይ ዘርን መቁጠር ተከልክሏል። እሱ ሌላ ክር ይፈልጋል፤ እዚህ አትጀምሩት።)

አሁን 1100ን አስቡት። ጥሩ ውጤት ነው። ግን እዚያ ግቢ ለመግባት ከሚበቃው ውጤት በጣም ይርቃል። ደብዳቤው ሲላክ መልሱ «ይቅርታ» የመሆኑ ዕድል ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ላኪው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሃርቫርድ ከ54 ሺህ በላይ ማመልከቻ ተቀብሎ ያስገባው 2 ሺህ አይሞላም።

እነሱን ብትጠይቂያቸው «አላመለክትም ብሎ ተስፋ የቆረጠውን ጎበዝ ልጅ ፍለጋ ነው» ይሉሻል። ይሄ ውሸት አይደለም። እንደዚያ ያሉ ልጆች አሉ፣ በደብዳቤው ምክንያት አመልክተው የገቡም አሉ። ግን አንዱን ለማግኘት መረቡ የሚጣለው በሺዎች ላይ ነው። ሌላው ነገር ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ሲያመለክት ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ብዙ ሲወድቅ ስም ከፍ ይላል። ለኮሌጆች ደረጃ የሚያወጣው ዩኤስ ኒውስ የቅበላ መቶኛን መቁጠር ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ልማዱ ግን አልቆመም።

እኔ ነገሩን እንዲህ ነው የማየው። ይሄ የሰርግ መጥሪያ ወረቀት ነው እንጂ ሽማግሌ አልተላከም። ሽማግሌ ሲልኩ ታውቂዋለሽ።

ከመስኮቱ ወዲያ

አንድ ነገር ላክል፤ ሰው ብዙ ጊዜ ገልብጦ ነው የሚያየው። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ነው። ቅርጫት የሚገባው የማይታወቀው ኮሌጅ ነው። እኔ ብሆን የማይታወቀውን ቀድሜ ነው የማነበው። እሱ መቀመጫ መሙላት አለበት። «ና» ሲል ከልቡ ነው። ስኮላርሺፕ ጨምሮ የሚጠራም እሱ ነው።

በቃኝ

ምን ያደክማችኋል? ሁሉንም ሰብስቦ ቅርጫት ውስጥ መክተት ነው። ማስታወቂያ ነው በቃ። ለልጄ ኢሜይሉን ሁሉ ወደ ጀንክ የሚልክ መቆጣጠሪያ ሠራሁለት፣ ሰላም አገኘን።

የናሆም አባት

በቃኝ ወንድሜ፣ እባክህ ያንን መቆጣጠሪያ ዛሬውኑ አጥፋው። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ያንኑ ሠርቼ ነው የተቃጠልኩት።

ትልቁ ልጄ ዲሴምበር ላይ አመልክቶ ጨረሰ። «ከእንግዲህ የሚመጣው ጉራ ነው» ብለን ከኮሌጅ የሚመጣውን ኢሜይል ሁሉ በአንድ ማህደር እንዲጠራቀም አደረግን። ማንም አይከፍተውም። ማርች መጨረሻ ላይ አንደኛ ምርጫው ተቀበለው። ቤቱ እልልታ ሆነ። የፋይናንሻል ኤይዱን (የገንዘብ ድጋፉን) ወረቀት ስንከፍተው ዜሮ።

ሮጠን ማህደሩን ከፈትነው። ፌብሩዋሪ ላይ አራት ጊዜ ጽፈውልናል። የእኔ የግብር ወረቀት ሁለተኛው ገጽ አልደረሳቸውም። አንድ ገጽ! ኢሜይሉ «ግቢያችንን ጎብኙ» እና «የምግብ አዳራሻችንን እዩ» በሚሉ ሁለት ማስታወቂያዎች መሃል ተቀምጧል። ርዕሱም «አስታዋሽ» ብቻ ነው የሚለው። ባለቤቴ ማየት አቅቷት ከክፍሉ ወጣች።

በስንት ደጅ ጥናት ግማሹን አገኘን። የቀረውን ዛሬም በብድር እየከፈልን ነው።

የሁለት ልጆች እናት

ወይ አምላኬ። ታዲያ በምን እለየዋለሁ?

ከመስኮቱ ወዲያ

መለያው የማመልከቻው ቁልፍ ነው። «አስገባ» የሚለውን ከመጫንዎ በፊት የሚመጣው ሁሉ የሚሄደው ወደ ዝርዝር ነው። ከተጫነ በኋላ ግን ልጅቷ ፋይል አላት። ፋይሉን የሚያነብ ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣ መልእክት እሷን ራሷን ሊሆን ይችላል።

ይችላል ነው ያልኩት። ማስታወቂያውም አይቆምም፤ እንዲያውም ይብሳል። ስለዚህ ኢሜይሉን ትታችሁ ፖርታሉን (ኮሌጁ ለአመልካቹ የሚከፍተውን ገጽ) እዩ። ካመለከተች በኋላ እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን ፖርታል ይከፍትላታል። የጎደለ ነገር ካለ እዚያ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። በሳምንት ሁለት ቀን መግባት ይበቃል። ደግሞ ለኮሌጅ ብቻ የሚሆን አዲስ የኢሜይል አድራሻ ክፈቱላት፤ እርስዎም የይለፍ ቃሉን ይያዙ። የናሆም አባት ያጋጠማቸው ነገር ስንት ጊዜ ስልክ ላይ ሲለቀስበት ሰምቻለሁ።

12ኛ ነኝ

ሰላም፣ እኔ ተማሪ ነኝ፣ ክሩን ሳየው ገባሁ። ጓደኛዬ ኢሜይል በከፈትክ ቁጥር ይመዘገብልሃል ይላል። ጠዋት ጠዋት ቁጭ ብሎ ሁሉንም ይከፍታል፣ ሊንኩን ሁሉ ይጫናል። እውነት ነው ወይስ እየተሸወደ ነው?

ከመስኮቱ ወዲያ

ሁለቱም። መመዝገቡ እውነት ነው። ብዙ ኮሌጆች ስሌይት የሚባል ሶፍትዌር ነው የሚጠቀሙት። ኢሜይል መቼ እንደተከፈተ፣ የትኛው ሊንክ እንደተጫነ፣ ድረ ገጻቸው ላይ የትኛውን ገጽ እንዳየህ ሊይዝ ይችላል።

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ስልክ ደውሎ ስለ ዶርም ጠየቀ። ስሙን ስጽፍ ስክሪኑ ላይ አንዱን ኢሜይል 41 ጊዜ እንደከፈተው አየሁ። ጎኔ ያለችውን ልጅ ጠርቼ አሳየኋት። ሳቅን፣ አሳዘነንም። ማንም ግን ነጥብ አልሰጠውም።

አንዳንድ ኮሌጅ ፍላጎትህን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ አይቆጥርም። ይሄን ሐሜት ላይ ተመሥርቶ መገመት አያስፈልግም። ኮሌጆች በየዓመቱ «ኮመን ዳታ ሴት» (Common Data Set) የሚባል ሰነድ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስምና ይሄን ስም አንድ ላይ ጽፈህ ፈልግ። ሲ7 (C7) የሚባለውን ሠንጠረዥ አውጣ። «የአመልካቹ ፍላጎት» የሚል መስመር አለው። ከአጠገቡ በጣም አስፈላጊ፣ አስፈላጊ፣ ይታያል፣ አይታይም ከሚሉት አንዱ ላይ ምልክት አለ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ስታንፎርድ «አይታይም» ብለው ነው የሚሞሉት። እነሱ ጋ ኢሜይል መክፈት ዓይን ማድከም ነው።

«ይታያል» የሚሉት ጋ ደግሞ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ግቢውን መጎብኘት፣ በኦንላይን ገለጻ ላይ ተመዝግቦ መገኘት፣ የኮሌጁ ሰው ትምህርት ቤትህ ሲመጣ ሄዶ ማግኘት። «ለምን እኛን መረጥክ?» የሚለውን ድርሰት ከድረ ገጹ ገልብጠህ አትጻፈው። እኛ ድረ ገጻችንን በቃላችን እናውቀው ነበር።

12ኛ ነኝ

ለጓደኛዬ አሳየሁት። «41 ብዙ አይደለም» አለኝ 😂

ሰናይት

እኔ ደግሞ በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ስም አመልካቾችን ቃለ መጠይቅ የማደርግ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። በየዓመቱ የሚደርስብኝን ልንገራችሁ። ለአንዱ ልጅ እጽፍለታለሁ። በማግስቱ እናቱ ወይ አክስቱ ትደውላለች፤ «ቃለ መጠይቅ ጠርታችሁታል፣ ገብቷል ማለት ነው?»

የእኔ እህት፣ እኔ ፋይሉን አላየሁትም። የሚላክልኝ ስሙ፣ ስልኩና የትምህርት ቤቱ ስም ነው። ውጤቱን እንዳልጠይቅ ተነግሮኛል። የእኔ ስም ለእሱ የደረሰው አጠገቡ ስለምኖር ነው። ብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ በአካባቢው በጎ ፈቃደኛ ካለ ይጠራል፣ ከሌለ ይቀራል። ኤምአይቲ ቃለ መጠይቅ ያላገኘ ልጅ በዚህ እንደማይጎዳ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ የእናንተው ባይጠራ ቅስማችሁ አይሰበር።

የምጽፈው ሪፖርት አንድ ገጽ ነው። ጥሩ ከሆነ ትንሽ ያግዛል። ልጅን ለማስገባት ግን አቅሙ የለኝም።

ዘገየሁ

ታዲያ እውነተኛው ምልክት ምንድን ነው? «ሽማግሌ ሲልኩ ታውቂዋለሽ» የተባለውን ማለቴ ነው።

ክርክር ወዳድ

ግልጹ «ላይክሊ ሌተር» የሚባለው ነው። እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት ስምንቱ የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች ውሳኔያቸውን የሚያሳውቁት ማርች መጨረሻ አካባቢ ነው። ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 15 ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ለጥቂት አመልካቾች አስቀድመው «ሳትገባ አትቀርም» ብለው በጽሑፍ መላክ ይችላሉ። በራሳቸው ስምምነት መሠረት ይሄ ወረቀት እንደ ቅበላ ነው። ልጁ ትምህርቱን ካልጣለ ወይም ጥፋት ካልሠራ ቃላቸውን አያጥፉም። የሚላከው ለሯጭ፣ ለኳስ ተጫዋች፣ ሌላ ቦታ እንዳይሄድባቸው ለሚሰጉት ጎበዝ ነው።

ልብ በሉ፤ ካላመለከቱ አይመጣም። ላልመጣለትም መጥፎ ምልክት አይደለም። ከሚገቡት አብዛኞቹ አይደርሳቸውም።

ካሊፎርኒያ ላይ ሰው የሚያምታታ አንድ ነገር አለ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በመደበኛነት የድጋፍ ደብዳቤ አይቀበሉም። በርክሊ ግን ለአንዳንድ አመልካቾች ካመለከቱ በኋላ «የድጋፍ ደብዳቤ ላኩ» ይላቸዋል። የተጠየቀ ሰው ይጨፍራል፣ ያልተጠየቀ ያለቅሳል። ትርጉሙ «ፋይልህን አይተናል፣ ትንሽ ተጨማሪ ንገረን» ነው። ለተጠየቀው ሥራ ነው፣ ላልተጠየቀው ምንም አይደለም።

የሯጭ አባት

የስፖርቱን እኔ ልንገራችሁ፤ ሦስት ዓመት ተጫውተውብኛል።

ልጄ 9ኛ ክፍል እያለ ከአሠልጣኞች ፖስታ መምጣት ጀመረ። «ፈጣን እግር አለህ፣ መጠይቁን ሙላ፣ የበጋ ካምፓችን ና።» ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ለሁለት ካምፕ ከፈልኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ መጠይቅና የካምፕ ማስታወቂያ ለፈለጉት ሰው በማንኛውም ጊዜ መላክ ይፈቀድላቸዋል። ካምፑ ራሱ ገቢያቸው ነው።

የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው በኤንሲኤኤ ሕግ፣ በዲቪዥን 1 (በከፍተኛው ምድብ)፣ በአብዛኛው ስፖርት አሠልጣኝ ለልጅ በግል መጻፍና መደወል የሚችለው 10ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ያ ቀን ሲደርስ ስልኩ ላይ ቁጭ አልን። ካምፕ ከጠሩት ውስጥ የደወለ የለም። የደወለው ደብዳቤ ጽፎልን የማያውቅ አሠልጣኝ ነው። ስሙን ብቻ ሳይሆን የ1,600 ሜትር ሰዓቱን በሰከንድ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ እንደሚደክም ጭምር ያውቃል። «ሦስተኛው ዙር ላይ ምን ትሆናለህ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው።

ከዚያ «የክፍል ውጤቱን ላኩልኝ፣ ለአድሚሽን ቢሮ አሳይቼ አስቀድመው እንዲያዩልኝ» አለ። ያኔ ነገሩ ቁም ነገር ሆነ። ቢሮው ፋይሉን ሳያይ አሠልጣኝ የሚገባው ቃል ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የሁለት ልጆች እናት

ሦስተኛው ዙር! ባለቤቴ ይሄን ሲያነብ ዝም አለ።

ያ «ድርሰት የለውም፣ አርብ ይዘጋል» የሚለውስ? አርብ አልፎ ዛሬ ደግሞ «ላንቺ ሲባል እስከ ሰኞ ተራዝሟል» ብለው ጻፉ።

ከመስኮቱ ወዲያ

ሰኞም ይራዘማል፤ እኛም እንዲሁ እናደርግ ነበር። ኢሜይሉ ስድስት ጊዜ እንዲሄድ ቀኑ ተቀጥሮ ነው የሚዘጋጀው። የእውነተኛ ማመልከቻ ማብቂያ ቀን ድረ ገጹ ላይ አለ፣ እሱን ይመኑ።

ግን መጥፎ ነገር አይደለም። የማመልከቻ ክፍያ መቅረቱ በራሱ ገንዘብ ነው። ኮሌጁን ከወደደችው ትላክ። ካልወደደችው ነፃ ስለሆነ ብቻ አትላክ። ያላሰበችበት ኮሌጅ ቢቀበላት የምታገኘው ሌላ የኢሜይል ጎርፍ ነው።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ዓይነት አለ፣ አያምታቱት። ቀጥታ ቅበላ ይሉታል። አይዳሆ እ.ኤ.አ. በ2015 ጀምራው ለየተማሪው «እነዚህ የግዛቲቱ ኮሌጆች ተቀብለውሃል» የሚል ደብዳቤ ላከች። በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች የሚመለከትበት ኮመን አፕም ከ2021 ጀምሮ በሙከራ ገብቶበት አሁን በሰፊው ይሠራዋል። የልጁን የክፍል ውጤት አይተው ሳያመለክት «ቦታ አለህ» ይሉታል። ይሄ እውነተኛ ቅበላ ነው። ትልልቆቹ ስሞች አይገቡበትም፤ ስኮላርሺፑም ለብቻው ነው የሚወሰነው። ግን በእጅ ያለ ነገር ነው። ልዩነቱ አንድ ቃል ላይ ነው። «አመልክቺ» ካለ ማስታወቂያ ነው፤ «ተቀብለንሻል» ካለ ሁለቴ አንብቡት።

ሰናይት

በጎርፉ መሃል የሚጠፋ አንድ ዕንቁም አለ፤ የጉብኝት ግብዣ፣ ፍላይ ኢን የሚሉት። አንዳንድ ኮሌጆች የአውሮፕላኑን፣ የማደሪያውን፣ የምግቡን ከፍለው 12ኛ ክፍል የገቡ ልጆችን ይወስዳሉ። የቦውደን «ኤክስፕሎር ቦውደን»፣ የዊሊያምስ «ዊንዶውስ ኦን ዊሊያምስ» ከእነዚህ ናቸው። አመልክቶ ተመርጦ ነው የሚኬደው፤ ኮሌጁ ገንዘቡን አውጥቷል። ሄዶ መምጣት መግባት አይደለም። ግን ያ ግብዣ ከማስታወቂያው ጋር አንድ ዓይነት ፖስታ ለብሶ ይመጣል። ቀኑም ቶሎ ያልፋል።

ሜይ 14

ዘግይቼ ገባሁ። ስልክ መደወልን ማንም ስላላነሣ ልጨምር።

አምና ከምወደው ኮሌጅ ዌይትሊስት (የተጠባባቂ ዝርዝር) ላይ ነበርኩ። «አሁንም እፈልጋችኋለሁ» የሚል አንድ ገጽ ጽፌ ላክሁ፤ አዲስ ያመጣሁትን ውጤት ጨመርኩበት። የመምረጫው ቀን፣ ሜይ 1 ደረሰ፣ ሌላ ኮሌጅ ቀብድ ከፈልኩ። በቃ ረሳሁት።

ሜይ 14 ሥራ ቦታ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየከፈትኩ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው፣ ላነሣው አልነበረም። አንዲት ሴት ስሟን ነገረችኝ። ማመልከቻዬን ያነበበችው እሷ ናት። ድርሰቴ ውስጥ ስለ አያቴ ሬዲዮ የጻፍኩትን አነሣችልኝ። ከዚያ «ቦታ ብንሰጥህ ትመጣለህ?» አለችኝ። የካርቶን መቁረጫው በእጄ እንዳለ «አዎ» አልኩ። በማግስቱ ፖርታሉ ላይ ደብዳቤው ወጣ። ቀብዴ እዚያው ቀረ፣ ይብላኝ ለሱ።

በኋላ ሳነብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 በፊት የኮሌጅ መግቢያ አማካሪዎች ማኅበር ደንብ ሌላ ቦታ ቀብድ የከፈለን ልጅ ማባበልን ይከለክል ነበር። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ውድድር ያግዳል ብሎ ሲጫናቸው አነሡት። ስለዚህ ከሜይ 1 በኋላ ከሌላ ኮሌጅ «ብር እንጨምርልሃለን» የሚል ስልክ ቢመጣ አትደንግጡ። ሊሆን ይችላል። ግን በስልክ «አዎ» ከማለታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

የሁለት ልጆች እናት (ከአምስት ቀን በኋላ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ሁላችሁንም።

ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ሳሎን መሬት ላይ ቁጭ ብለን ካርቶኑን ገለበጥነው። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። «አመልክቺ» የሚለውን ወደ አንድ ጎን፣ ሌላውን ወደ ሌላ ጎን። «ሌላው» ሰባት ሆነ። ከሰባቱ አንዱ ሰናይት ያልሽው ዓይነት የጉብኝት ግብዣ ነው። ኮሌጁን ሰምተነው አናውቅም። ልትልክበት የቀራት ዘጠኝ ቀን ነው። ከፒዛ ኩፖን ጋር ተጣብቆ ነበር።

አዲስ ኢሜይል ከፍተናል። የይለፍ ቃሉን እኔም ይዣለሁ።

ከዚያ ልጅቷ ወደ ክፍሏ ስትገባ እኔ ፍሪጁ ጋ ሄድኩ። ጣቴን አረጠብኩና ፊርማውን አሸሁት። ንቅንቅ አላለም። ለካ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ ነው።

«እማ፣ እኔ እኮ ገና የመጣ ዕለት ነው የሞከርኩት» አለችኝ። «አባዬ ደስ ስላለው ነው ዝም ያልኩት።»

ደብዳቤው እስካሁን ፍሪጁ ላይ ነው። የጉብኝቱን ማመልከቻ አባቷ አብሯት እየሞላ ነው፤ የግብር ወረቀቱን ሁለቱንም ገጽ አምጣ ብዬዋለሁ።